የብሌዝ ፓስካል ሕይወትና የሞተር ሳይክል ፍሬን

በፊዚክስ መጽሐፋችን ውስጥ የፓስካል ሕግ የሚባል አንድ አጭር ዐረፍተ ነገር ይገኛል። በተዘጋ ዕቃ ውስጥ ባለ ፈሳሽ ላይ የሚደረግ ግፊት ሳይቀነስ ወደ ሁሉም አቅጣጫ ይተላለፋል የሚል ነው። አብዛኞቻችን ይህን ለፈተና አጥንተን ከፈተናው በኋላ ረስተነዋል። እኔም ከረሱት አንዱ ነበርሁ። ነገር ግን ባለፈው ክረምት በቤታችን በደረሰ አንድ ነገር ምክንያት ሕጉን ብቻ ሳይሆን ሕጉን ያገኘውን ሰው ሕይወት ጭምር ፈልጌ ለማንበብ ተገደድሁ። ያነበብሁትንም ለመጽሔታችን አንባቢዎች ለማካፈል ይህን ጽሑፍ አዘጋጀሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ታላቅ ወንድሜ አንድ ያገለገለ ባለ 250 ሲሲ የስፖርት ሞተር ሳይክል አለው። የፊት ፍሬኑ እጀታ ሲጨበጥ እንደ ስፖንጅ እየለሰለሰ እስከ መሪው ድረስ ይመጣበት ስለ ነበር፣ ጓደኞቹ ማስተሩን እንዲለውጥ መከሩት። ማስተር ወይም ማስተር ሲሊንደር የሚባለው በቀኝ እጅ መያዣ አጠገብ የተቀመጠ ክፍል ሲሆን፣ እጀታው ሲጨበጥ በውስጡ ያለው ፒስተን የፍሬኑን ዘይት ወደ ታች ወደ ጎማው ይገፋዋል። የወንድሜ ሞተር ማስተር የፒስተኑ ስፋት 13 ሚሊሜትር ነበር። አንድ ዕቃ ሻጭ ግን ለትልልቅ የእሽቅድምድም ሞተሮች የሚሆን ባለ 19 ሚሊሜትር ማስተር አሳየውና፣ ፒስተኑ በሰፋ መጠን ፍሬኑ ይበረታል ብሎ አሳመነው። ወንድሜም ብዙ ጊዜ ያጠራቀመውን ገንዘብ ከፍሎ ገዛው። በተገጠመም ጊዜ እጀታው እንደ ድንጋይ ጠነከረ፤ እርሱም እጅግ ደስ አለው።

በማግስቱ ቁልቁለት ሲወርድ አንዲት እናት ልጃቸውን ይዘው መንገድ ሲያቋርጡ አየ። እጀታውን ባለ በሌለ ኃይሉ ጨበጠው፤ ሞተሩ ግን እንደ ቀድሞው እንኳ አልቆም አለው። በእግዚአብሔር ቸርነት ሴትዮዋ ልጁን ጎትተው ወደ ኋላ ተመለሱ፤ ወንድሜም ወደ መንገዱ ጠርዝ አጥፎ ወደቀ። ጉልበቱ ከመላጡ በቀር ምንም አልሆነም። እናታችን ግን ያን ቀን ራት አልበላችም።

እጀታው እንዲህ ጠንክሮ ሳለ ሞተሩ ስለ ምን አልቆመም? ይህን ጥያቄ ለፊዚክስ መምህራችን ባቀረብሁላቸው ጊዜ መልሱን ከፓስካል ዘንድ እንድፈልገው ነግረው አሰናበቱኝ።

ብሌዝ ፓስካል የተወለደው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ጁን 19 ቀን 1623 ዓ.ም. በፈረንሳይ አገር ክሌርሞን በምትባል ከተማ ነው። ከዚህ በታች የሚጻፉትም ዘመናት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው። አባቱ ኤትየን ፓስካል የግብር ጉዳይ የሚታይበት ፍርድ ቤት ባለሥልጣንና የሒሳብ ትምህርት ወዳድ ሰው ነበር። እናቱ ብሌዝ የ3 ዓመት ሕፃን ሳለ ሞተችበት። ዢልቤርት የምትባል ታላቅ እኅትና ዣክሊን የምትባል ታናሽ እኅት ነበሩት። አባትየው ሁለተኛ ሚስት ሳያገባ ልጆቹን ራሱ አሳደገ። በ1631 ዓ.ም. ሥራውን ትቶ ልጆቹን ይዞ ወደ ፓሪስ ሄደና ወንድ ልጁን ወደ ትምህርት ቤት ሳይልክ እቤት ያስተምረው ጀመር።

አባቱ በትምህርቱ አሰጣጥ አንድ እንግዳ ሥርዓት ነበረው። ሒሳብ የሰውን አእምሮ ፈጽሞ ስለሚማርክ ልጁ የላቲንና የግሪክ ቋንቋ ትምህርቱን እንዳይተው በማለት፣ የሒሳብ መጻሕፍትን ሁሉ ሰብስቦ ደበቀበት። ልጅ የተከለከለውን ነገር እንዴት እንደሚወድ ለማንም የሚነገር አይደለም። የ12 ዓመቱ ብሌዝ በጨዋታ ሰዓቱ ብቻውን እየሆነ በመሬት ላይ በከሰል ክብና ሦስት ማዕዘን ይሥል ጀመር። ስማቸውን የነገረው ሰው ስላልነበረ ክቡን ድቡልቡል፣ መስመሩን ዘንግ እያለ በራሱ ቃል ይጠራቸው ነበር። አንድ ቀን አባቱ ድንገት ገብቶ ምን እንደሚሠራ ቢጠይቀው፣ የሦስት ማዕዘን ውስጣዊ ማዕዘኖች ሲደመሩ ሁለት ቀጥተኛ ማዕዘን እንደሚሆኑ ለማረጋገጥ እየጣረ መሆኑን አስረዳው። አባቱም አንድ ቃል ሳይናገር ወጥቶ ወደ ወዳጁ ቤት ሄደና ከደስታው ብዛት አለቀሰ። ይህን የጻፈችው እኅቱ ዢልቤርት ናት፤ እኅት ስለ ወንድሟ ስትጽፍ ጥቂት ማጋነኗ ባይቀርም ታሪኩን ማመን ደስ ይለኛል። ከዚያ ቀን ጀምሮ የዩክሊድ መጽሐፍ ተሰጠው፤ በፓሪስም ሊቃውንት ይሰበሰቡበት በነበረው በአባ መርሴን ጉባኤ ከአባቱ ጋር እንዲገኝ ተፈቀደለት። በ16 ዓመቱ ስለ ሾጣጣ ቅርጾች የጻፈውን ጽሑፍ ያነበበው ታላቁ ዴካርት ይህን የጻፈው ልጅ መሆኑን ለማመን አልወደደም።

በ1638 ዓ.ም. አባቱ መንግሥት የከለከለውን የገንዘብ ወለድ ጉዳይ ከተቃወሙት ሰዎች ጋር በመቆጠሩ ከእስር ለማምለጥ ከፓሪስ ሸሸ። ቤተሰቡን ያዳነችው ትንሿ ዣክሊን ነበረች። በ1639 ዓ.ም. በካርዲናል ሪሼልዮ ፊት ልጆች በተጫወቱት ቲያትር ላይ ተሳትፋ ካርዲናሉን ደስ ስላሰኘችው፣ ጨዋታው ሲያልቅ ቀርባ የአባቷን ምሕረት ለመነች፤ ተፈቀደላትም። ምሕረት ብቻም አይደለም፤ አባትየው በሩዋን ከተማ የግብር ኃላፊ ሆኖ ተሾመ።

በሩዋን የነበረው የግብር ሒሳብ እጅግ የተዘባረቀ ነበርና አባትየው እስከ ሌሊት ድረስ ይደምርና ይቀንስ ነበር። ብሌዝ ይህን አይቶ፣ ሰው ሳይደክም ጥርስ ባላቸው ጎማዎች የሚደምር መኪና ለመሥራት በ1642 ዓ.ም. ተነሣ። ያን ጊዜ ገና 19 ዓመት አልሞላውም ነበር፤ ማለት የእኔ እኩያ ነበር። አንዱ ጎማ ከ9 ሲያልፍ ቀጣዩን በአንድ እንዲያዞረው ማድረግ ከባዱ ነገር ነበር። ሃምሳ ያህል ልዩ ልዩ ዓይነት ሠርቶ ከሞከረ በኋላ በ1645 ዓ.ም. የተሳካውን ለአገሩ ታላቅ ባለሥልጣን ለሴግዬ አበረከተ። ከእነዚህ መኪናዎች ጥቂቶቹ ዛሬም በሙዚየሞች ይታያሉ።

በዚህ መካከል የሆነ አንድ ነገር አለ፤ እኔ ከሕይወቱ ታሪክ ሁሉ ይልቅ የምወደው ይህን ነው። አንድ የሩዋን ሰዓት ሠሪ ስለ መኪናው ወሬ ብቻ ሰምቶ የራሱን ሠራ። ከውጭ ሲያዩት የተወለወለ፣ የሚያምር ነበር፤ ውስጡ ግን ምንም አይሠራም። ፓስካል ይህን ባየ ጊዜ እጅግ ተናደደና ሠራተኞቹን ሁሉ አሰናብቶ ሥራውን ለጥቂት ጊዜ ተወው። ሰዎች የውጩን ውበት አይተው የመጀመሪያውን የፈጠራ ሥራ እንዳይንቁ ፈርቶ ነበር። በእጅ ብልሃት ብቻ፣ ምክንያቱን ሳያውቁ የተሠራ ነገር ምን ያህል እንደሚያሳስት በጽሑፉ ገልጾአል። ይህን ሳነብ ያ ዕቃ ሻጭ ትዝ አለኝ። እውነቱን ለመናገር ግን እርሱ የሸጠው ማስተር ሐሰተኛ አልነበረም፤ ደኅና ዕቃ ነበር፤ ለሌላ ሞተር የተሠራ መሆኑ ነው እንጂ።

በ1646 ዓ.ም. አባቱ በበረዶ ላይ አዳልጦት ወድቆ ዳሌው ተሰበረ። ያከሙት ሁለት ወንድማማቾች እጅግ ሃይማኖተኞች ስለ ነበሩ በቤቱ ሦስት ወር ያህል ሲቀመጡ የቤተሰቡን ልብ ወደ መንፈሳዊ ሕይወት መለሱት። በዚሁ ዓመት ደግሞ የኢጣልያው ቶሪቼሊ ያደረገው ሙከራ ወሬ ሩዋን ደረሰ። አንድ ጫፉ የተዘጋ የመስተዋት ቱቦ ባዜቃ ተሞልቶ በባዜቃ ሣሕን ውስጥ ቢገለበጥ፣ ባዜቃው ጥቂት ወርዶ 76 ሳንቲሜትር ያህል ላይ ይቆማል፤ ከላይ ባዶ ቦታ ይቀራል። ሊቃውንቱ ተፈጥሮ ባዶነትን ትጠላለች ብለው ያምኑ ስለ ነበር ተከራከሩ። አንዳንዶቹም ባዶ የሚመስለው ቦታ በፈሳሹ ተን የተሞላ ነው አሉ። ፓስካል በቃል ከመከራከር ይልቅ 46 ጫማ የሚረዝሙ የመስተዋት ቱቦዎች አሠርቶ በመርከብ ምሰሶ ላይ አሳሰረና አንዱን ውኃ፣ አንዱን ወይን ጠጅ ሞላ። ወይን ጠጅ የበለጠ ይተናል፤ ስለዚህ በተን የሚያምኑት ሰዎች ከውኃው ይልቅ ወይኑ እንደሚወርድ ተናገሩ። ሲገለበጥ ግን ወይኑ ከውኃው ከፍ ብሎ ቆመ፤ ወይን ከውኃ ይቀልላልና።

ከዚህ በኋላ ፈሳሹን ደግፎ የያዘው የአየር ክብደት እንደ ሆነ ለማረጋገጥ አንድ ሐሳብ መጣለት። አየር ክብደት ካለው፣ በተራራ ራስ ላይ ከበላይ ያለው አየር ስለሚያንስ ባዜቃው ዝቅ ማለት አለበት። በፓሪስ ተራራ የለም፤ እርሱም ታሞ ነበር። ስለዚህ በክሌርሞን ለሚኖረው ለዢልቤርት ባል ለፔርየ ጻፈለት። ፔርየ ሴፕቴምበር 19 ቀን 1648 ዓ.ም. ከከተማው ሰዎች ጋር ሆኖ 1,465 ሜትር ከፍታ ወዳለው ወደ ፒዊ ደ ዶም ተራራ ወጣ። አንዱን ቱቦ ከታች በገዳሙ አትክልት ቦታ ተክሎ አንድ መነኩሴ ቀኑን ሙሉ እንዲጠብቀው አደረገ፤ ሌላውን ይዞ ወጣ። በተራራው ራስ ላይ ባዜቃው ከ8 ሳንቲሜትር በላይ ዝቅ ብሎ ተገኘ። ሰዎቹ ከመደነቃቸው የተነሣ በተራራው ላይ እየዞሩ፣ በነፋስ ፊትና በከለላ፣ ደጋግመው ለኩ፤ ልዩነት አላገኙም። ሲመለሱም መነኩሴው የጠበቀው ባዜቃ ንቅንቅ አላለም ነበር። ይህ ከታች የቀረው ቱቦ ነገር ለእኔ ከተራራው ይልቅ ይደንቀኛል፤ ብዙ ሰው ወደ ላይ የሚወጣውን ብቻ ያስብ ነበርና።

ፓስካል ይህን ሁሉ ሰብስቦ በ1653 እና በ1654 ዓ.ም. አካባቢ ሁለት ጽሑፎች አዘጋጀ፤ አንደኛው ስለ ፈሳሾች ሚዛን፣ ሁለተኛው ስለ አየር ክብደት ነው። የወንድሜ የፍሬን ጉዳይ በሁለቱም ውስጥ ተጽፎ ይገኛል ብል አልተሳሳትሁም።

በመጀመሪያው ጽሑፍ ፓስካል ከሁሉም ወገን የተዘጋና ውኃ የሞላበት ዕቃ ያስባል። ዕቃው ሁለት ቀዳዳዎች አሉት፤ አንደኛው ከሁለተኛው መቶ ጊዜ ይሰፋል፤ በሁለቱም ላይ ልክ የሆነ ፒስተን ተገጥሞባቸዋል። በትንሹ ፒስተን ላይ አንድ ሰው ቢገፋ፣ በትልቁ ላይ የሚገፉትን መቶ ሰዎች ይመክታል። ግፊቱ በእያንዳንዱ ስፋት ላይ እኩል ስለሚደርስ፣ መቶ ጊዜ የሰፋው ፒስተን መቶ ጊዜ ኃይል ይቀበላል። ነገር ግን ፓስካል እዚህ ላይ አላቆመም። ትንሹ ፒስተን አንድ መቶ ጣት ሲሄድ ትልቁ የሚሄደው አንድ ጣት ብቻ መሆኑንም አመልክቶአል። በኃይል የተገኘው ትርፍ በመንገድ ርዝመት ይከፈላል ማለት ነው።

እንግዲህ የሞተር ሳይክል የፊት ፍሬን ይኸው የፓስካል ዕቃ ነው። ትንሹ ፒስተን በእጀታው ዘንድ ያለው የማስተሩ ፒስተን ነው፤ ትልልቆቹ ፒስተኖች በጎማው ዘንድ በካሊፐሩ ውስጥ ሆነው የፍሬኑን ሸራ ወደ ዲስኩ የሚገፉት ናቸው። የሚጨምረው ኃይል የሚገኘው ትንሹ ትንሽ፣ ትልቁ ትልቅ በመሆኑ ነው። ታዲያ ትንሹን ማስፋት ምን ያደርጋል? የፒስተን ስፋት በክቡ ወርድ ካሬ ልክ ይጨምራል። 13 በ13 ሲባዛ 169 ነው፤ 19 በ19 ሲባዛ 361 ነው። ስለዚህ አዲሱ ማስተር ከአሮጌው ከሁለት ጊዜ በላይ ይሰፋል። ያው እጅ በዚያው ኃይል ሲጨብጥ የሚገኘው ግፊት ከቀድሞው ግማሽ እንኳ አይሞላም፤ ሞተሩን እንደ ቀድሞው ለማቆም ከሁለት እጥፍ በላይ መጨበጥ ያስፈልጋል። እጀታው የጠነከረውም ፍሬኑ ስለ በረታ አይደለም። ሰፊ ፒስተን ጥቂት ሲንቀሳቀስ ብዙ ዘይት ስለሚገፋ እጀታው ብዙ ሳይሄድ ይቆማል፤ ያ ብቻ ነው። ወንድሜ መንገዱን አሳጥሮ ኃይሉን ሸጦታል።

ታዲያ ባለ 19 ሚሊሜትር ማስተር ከንቱ ነውን? አይደለም። በትልልቅ የእሽቅድምድም ሞተሮች ፊት ሁለት ዲስክ፣ በእያንዳንዱም ዲስክ ላይ ባለ አራት ፒስተን ካሊፐር አለ፤ እነዚያን ስምንት ፒስተኖች ለመግፋት ብዙ ዘይት ያስፈልጋል። የወንድሜ ሞተር ግን ፊቱ አንድ ዲስክና ሁለት ፒስተን ብቻ ነው ያለው። በእነዚያ ማስተሮች ላይ ደግሞ 19 በ18 ወይም 19 በ20 የሚል ቁጥር ይጻፋል። የመጀመሪያው የፒስተኑ ወርድ ነው፤ ሁለተኛው እጀታው ከሚዞርበት ብሎን እስከ ፒስተኑ መግፊያ ድረስ ያለው ርቀት በሚሊሜትር ነው። ይህ ርቀት ሲያጥር እጀታው እንደ ረጅም ዘንግ ሆኖ ኃይል ይጨምራል፤ መንገዱ ግን ይረዝማል። ራዲያል የሚባሉትም ፒስተናቸው ጣት በሚስብበት አቅጣጫ ስለሚሄድ፣ ከመሪው ጎን ለጎን ከተጋደሙት ከአሮጌዎቹ ይልቅ የእጅ ኃይል በመታጠፍ አይባክንባቸውም። ማስተር የሚለውጥ ሰው ስለዚህ ከማስተሩ አስቀድሞ የካሊፐሩን ፒስተኖች መቁጠርና መለካት አለበት።

የፓስካል ሁለተኛ ጽሑፍ ደግሞ የመጀመሪያውን ችግር፣ የእጀታውን ስፖንጅነት ይመልሳል። አየር ሲጫኑት ይጨመቃል፤ ፓስካል እንደ ተከመረ የበግ ጠጉር ይመስለዋል፤ የታችኛው በላይኛው ክብደት የታመቀ ነው። ፈሳሽ ግን እንዲህ አይታመቅም። በፍሬን ዘይት መካከል አየር ከገባ እጁ የሚገፋው ዘይቱን ሳይሆን የበግ ጠጉሩን ነው። ያረጀ የጎማ ቱቦም በግፊት ይነፋል፤ ዕቃው በደንብ የተዘጋ መሆኑ ቀረ ማለት ነው። የፍሬን ዘይት በዘመን ብዛት ከአየር እርጥበት ይጠጣል፤ ፍሬኑ ሲግል እርጥበቱ ወደ እንፋሎት ይለወጥና ያው የአየር ነገር ይመጣል። ከአንድ መካኒክ ጋር ሆነን የወንድሜን ሞተር ስንፈታ ቱቦው ያበጠ፣ የማስተሩ ጎሚኒ ያለቀ፣ ዘይቱም ቡና የመሰለ ሆኖ አገኘነው። ጥፋቱ የ13 ሚሊሜትሩ ፒስተን ትንሽነት አልነበረም።

ወደ ፓስካል ልመለስ። አባቱ በ1651 ዓ.ም. ሞተ፤ ዣክሊንም በ1652 ዓ.ም. ፖር ሮያል ወደሚባለው ገዳም ገባች። በ1654 ዓ.ም. ፓስካል ከፌርማ ጋር በደብዳቤ እየተጻጻፈ፣ ሳይጠናቀቅ የተቋረጠ የቁማር ጨዋታ ገንዘብ እንዴት እንደሚከፋፈል ሲያሰሉ የዕድል ሒሳብን መሠረት ጣሉ። በዚሁ ዓመት የተቀመጠበት ሠረገላ ፈረሶች ደንብረው በኖዪ ድልድይ ላይ ወደ ወንዝ እንደ ገቡ፣ ልጓሙ ተበጥሶ ሠረገላው በጠርዙ ላይ ተንጠልጥሎ እንደ ቀረ ይነገራል። ታሪክ ጸሐፊዎች ግን ይህን ይጠራጠሩታል። የማይጠራጠሩት ኖቬምበር 23 ቀን ሌሊት የሆነውን ነው። ከምሽቱ አራት ሰዓት ተኩል ገደማ እስከ እኩለ ሌሊት አልፎ ድረስ ፓስካል በጸሎት ላይ ሳለ እጅግ ጥልቅ የሆነ መንፈሳዊ ነገር ተሰማው፤ የተሰማውንም በወረቀት ጽፎ ለማንም ሳይነግር በልብሱ ገበር ውስጥ ሰፋው። ልብስ በለወጠ ቁጥር እየተረተረ ወደ አዲሱ ይዞር ነበር። ሲሞት አሽከሩ አገኘው።

ከዚያ በኋላ አብዛኛውን ጉልበቱን ለሃይማኖት ሰጠ። በ1656 እና በ1657 ዓ.ም. በሐሰት ስም አሥራ ስምንት ደብዳቤዎች አሳትሞ ኢየሱሳውያንን ተከራከረ። እነዚህ ኢየሱሳውያን በአገራችን በአፄ ሱስንዮስ ዘመን ስማቸው የሚነሣው ማኅበርተኞች ናቸው። አንዳንድ ሰዎች ፓስካል ሳይንስን በመተዉ ያዝናሉ። እኔ ግን ፈጽሞ ተወው ለማለት እቸገራለሁ። በ1658 ዓ.ም. የጥርስ ሕመም እንቅልፍ ስለ ነሣው፣ ሕመሙን ለመርሳት በሚንከባለል ጎማ ላይ የተመታ ምስማር በአየር ላይ የሚሥለውን መስመር ማሰብ ጀመረ። ሕመሙ ተወው፤ ስለ መስመሩ ያገኘው ግን ሊቃውንትን የሚያወዳድር ሆነ።

የመጨረሻ ሥራውም ስለ ጎማ ነበር። በዚያ ዘመን በፓሪስ ሠረገላ የነበራቸው ባለጸጎች ብቻ ነበሩ። ፓስካል ከወዳጁ ከሮአኔው መስፍን ጋር ሆኖ፣ በተወሰነ መንገድ በተወሰነ ሰዓት የሚመላለሱና ማንም 5 ሶል ከፍሎ የሚሳፈርባቸው ሠረገላዎች አቋቋመ። ማርች 18 ቀን 1662 ዓ.ም. ሥራ ጀመሩ፤ ሕዝቡም በመንገድ ዳር ተሰልፎ ተመለከተ። የፓሪስ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ግን ወታደሮች፣ አሽከሮችና የቀን ሠራተኞች እንዳይሳፈሩ ከለከለ። ይህ ክልከላ የሐሳቡን ግማሽ አበላሸው እላለሁ። ፓስካል ከዚህ የሚያገኘውን ትርፍ አስቀድሞ ተበድሮ በብሉዋ አውራጃ ለተራቡ ድሆች ሊልክ ፈልጎ ነበር።

ከወጣትነቱ ጀምሮ ሕመም ተለይቶት አያውቅም። በ1661 ዓ.ም. ዣክሊን ሞተችበት። በሚቀጥለው ዓመት በቤቱ ካስጠጋቸው ድሆች የአንዱ ልጅ ፈንጣጣ ያዘው። ልጁን ከማስወጣት ይልቅ ራሱ ቤቱን ለቆ ወደ እኅቱ ወደ ዢልቤርት ቤት ሄደ፤ በዚያም ኦገስት 19 ቀን 1662 ዓ.ም. በ39 ዓመቱ ዐረፈ።

ስለ ፈሳሾች ሚዛን የጻፈው በሕይወቱ ሳለ አልታተመም። በ1663 ዓ.ም. ያሳተመው ያ ተራራ የወጣው ፔርየ ነው። ከ132 ዓመት በኋላ በ1795 ዓ.ም. እንግሊዛዊው ጆሴፍ ብራማ በዚሁ ሕግ የሚሠራ የውኃ መጭመቂያ መኪና ሠራ። በ1921 ዓ.ም. ዱዘንበርግ የተባለ የአሜሪካ መኪና በአራቱም ጎማ የፈሳሽ ፍሬን ይዞ ወጣ፤ በ1969 ዓ.ም. ሆንዳ ባለ 750 ሲሲ ሞተር ሳይክሉን የፊት ጎማው ላይ በፈሳሽ የሚሠራ የዲስክ ፍሬን አድርጎ ለገበያ አቀረበ። በ1971 ዓ.ም. ደግሞ የግፊት መለኪያ በስሙ ፓስካል ተባለ።

ወንድሜ ባለ 19 ሚሊሜትሩን ማስተር ለመሸጥ እስከ ዛሬ ገዥ አላገኘም። አሮጌው ባለ 13 ሚሊሜትር አዲስ ጎሚኒ ገብቶለት፣ የጎማው ቱቦ በብረት ክር በተሸፈነ ተለውጦ፣ በክዳኑ ላይ የተጻፈው ዓይነት አዲስ የፍሬን ዘይት ተሞልቶለት ወደ ቦታው ተመለሰ። አየሩን ለማስወጣት ሁለት ሰዓት ፈጀብን፤ እኔ እጀታውን እየጨበጥሁ፣ እርሱ በካሊፐሩ ላይ ያለችውን ትንሽ ብሎን እየከፈተና እየዘጋ፣ አረፋው እስኪያልቅ ድረስ ሠራን። አሁን በሁለት ጣት ይቆማል።